ያገለገለ መኪና በጨረታ ለመግዛት ላሰቡት ወንድማችን

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን ወንድማችን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎቹን አዲስ አበባ ላይ በታሸገ ኤንቨሎፕ ጨረታ እንደሚሸጥ በጋዜጣ ማንበብዎን፣ ከመካከላቸውም አንድ ደብል ካብ ፒክአፕ ለመግዛት ማሰብዎን ገልጸው፣ ተጫርተው ስለማያውቁ ምን ያህል ዋጋ መስጠት እንዳለብዎ ጠይቀዋል። እኔም በ2011 ዓ.ም. ከዚያው ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ በዚሁ መንገድ ፒክአፕ ገዝቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህም ለዘመድና ለጎረቤት መኪና ለማየት በተደጋጋሚ ሄጃለሁ። ስለ ዋጋው ከመነጋገራችን በፊት ግን የጨረታ ሰነዱን ገዝተው እስከ መጨረሻው ገጽ እንዲያነቡት አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ እኔ የተጎዳሁት መኪናውን አይቼ፣ ሰነዱን ግን በጥድፊያ በማለፌ ነው።

በዚያን ጊዜ በኤንቨሎፕ አሽጌ ያስገባሁት ዋጋ 620,000 ብር ነበር። አሸነፍሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ክፍያ ለመፈጸም ስሄድ፣ የሰጠሁት ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር በሰነዱ መጻፉን አሳዩኝና 15 በመቶው፣ ማለትም 93,000 ብር፣ ተደምሮ ጠቅላላው 713,000 ሆነ። ልተወው እንዳልል አሸናፊ ሆኖ ውል የማይፈጽም ሰው ለጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ (ባንክ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስያዘው ገንዘብ ተመላሽ አይሆንለትም። ስለዚህ የቀረውን ከወንድሜ ተበድሬ ከፈልሁ። ሰነዱ ላይ «ከታክስ በፊት» ወይም «ታክስን ጨምሮ» የሚለውን ቃል ፈልገው ያስምሩበት፤ ቃሉ ከሌለ ደግሞ ኤንቨሎፑን ከማሸግዎ በፊት ሻጩን ጠይቀው መልሱን ይያዙ።

ከታክሱ ይልቅ የሚከብደው የጉምሩክ ቀረጥ ነው። የእርዳታ ድርጅቶችና አንዳንድ ባለ መብቶች መኪና የሚያስገቡት ከቀረጥ ነጻ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው መኪና መብቱ ለሌለው ሰው ሲሸጥ ቀረጡ ካልተከፈለ ስሙ ወደ ገዢው አይዛወርም። ማስታወቂያው «ቀረጥ ያልተከፈለባቸው» ካለ፣ ከፋዩ ሻጩ ነው ወይስ ገዢው የሚለውን ሳያጣሩ አንድ ብር እንኳ አይጻፉ። ያልታደሰ ቦሎ (የዓመታዊ ምርመራ ምልክት)፣ የስም ማዛወሪያና የሰሌዳ ለውጥ ወጪስ የማን ነው? የመንግሥት ሰሌዳ ያለው ከሆነ ወደ ግል መዛወር ስላለበት ይህንንም አብረው ይጠይቁ። ባንክ ለብድር የያዘውን ንብረት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በሐራጅ ሲሸጥ ደግሞ አሠራሩ ይለያል፤ መነሻ ዋጋ ይኖረዋል፣ ብዙ ጊዜም የመነሻው አንድ አራተኛ በሲፒኦ ይያዛል፣ ቀሪውም በ15 ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ይጠየቃል። የእርስዎ ግን በታሸገ ኤንቨሎፕ ስለሆነ፣ ስርዝ ድልዝ እንዳይኖርበት፣ «ከሌላው ተጫራች ይህን ያህል እጨምራለሁ» የሚል ዋጋም እንዳይጻፍበት መጠንቀቅ ይበቃዎታል።

አሁን ወደ መኪናው ልምጣ። «ባለበት ሁኔታ» የሚለው ቃል ከመግቢያው በር ከወጡ በኋላ ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ ነው ማለት ነው፤ ነድተው እንዲሞክሩም በአብዛኛው አይፈቀድልዎትም። ስለዚህ የታመነ መካኒክ አበሉን ከፍለው ይዘው ይሂዱ፤ በሚታይበት ቀንም ከሌሎች ተመልካቾች ቀድመው ይድረሱ። ቀድሞ መድረስ የሚጠቅመው ሞተሩን በቀዝቃዛው ለማስነሣት ነው፤ ሌላው አስነሥቶ ያሞቀው ሞተር ጠዋት የሚያወጣውን ጭስም ሆነ አልነሣም ማለቱን ይደብቃል። ጥበቃው ፈቅዶ ካስነሣልዎ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ቀለም ይዩ፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካላቋረጠ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ባትሪው ሞቶ የማይነሣ ከሆነ የዘይት መክደኛውን ከፍተው ከሥሩ እርጎ የመሰለ ነገር መኖር አለመኖሩን፣ የራዲያተሩን ውሃ ደግሞ ዘይት እንዳልተንሳፈፈበት ይመርምሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ፤ ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተበይዶ ካገኙት መኪናውን ይተዉት።

ስለ ራዲያተሩ ትንሽ ላብዛ፤ ምክንያቱም ለእኛ አገር ሰው ይህ ዋናው ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ውሃው ሳይፈላ ከዚህ በላይ እንዲሞቅ የሚያስችለው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ሲታይ ደህና የነበረው የእኔ ፒክአፕ ሸኖን አልፌ ወደ ጫጫ ስቃረብ የሙቀት መለኪያው ቀይ ላይ ደረሰ፤ ክዳኑ ላልቶ ውሃውን ሲተፋ ኖሮ የቴስታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ተቃጥሏል። ቴስታው ወርዶ እስኪታደስ ድረስ መኪናዬ ሦስት ሳምንት ጋራዥ ቆመ። ያንኑ መኪና ይዘው ከሸዋ ሮቢት ቆላ እስከ ጣርማ በር የሚወጡ ቢሆን ደግሞ ምን እንደሚጠብቅዎ ያውቁታል፤ ቁልቁለቱም ፍሬን ያላረጀ መኪና ይፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ስለሚወርድ ባዶ ውሃ ሳይሆን ኩላንት (በብርድ የማይረጋ የራዲያተር ፈሳሽ) መኖሩንም ይጠይቁ።

ለብዙ ወራት ቆሞ የከረመ መኪና የራሱ በሽታ አለው። ጎማው ይሰነጠቃል፣ ፍሬኑ ይጣበቃል፣ አይጥ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ትበላለች። እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ፤ ዋጋቸው ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ዋጋውን የማሰላው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያው ሞዴልና ዓመተ ምሕረት በደህና ይዞታ ላይ ሆኖ ዛሬ የሚሸጥበትን ከሁለት ሦስት ደላሎች እጠይቃለሁ። ዛሬ የሚለውን አደራ፤ በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለና በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የድሮ ዋጋ ማንንም አይመራም። ለስሌት ብቻ 2,000,000 ብር ነው እንበል። መካኒኩ የጥገናውን 250,000 ቢገምት፣ ለማጓጓዣና ለስም ማዛወሪያ 50,000፣ ላልታየው ጉዳት ደግሞ 200,000 ብንይዝ፣ ለመኪናው ራሱ መክፈል የሚገባን ቢበዛ 1,500,000 ነው። ታክሱ ለብቻው የሚጨመር ከሆነ ይህንን ለ1.15 አካፍለው የሚያገኙትን 1,304,000 ገደማ ይጻፉ። ከዚህ የበለጠ የሚሰጥ ሰው ካለ ይውሰደው፤ የእርስዎ ሲፒኦ ይመለስልዎታል፤ ሌላ ጨረታም ነገ ይወጣል። በዚህ ላይ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ «መሥሪያ ቤቱ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ስለሚሉ፣ አሸንፌያለሁ ብለው ከብትዎን ወይም እህልዎን ውጤቱ በጽሑፍ ሳይደርስዎ አይሽጡ።

ካሸነፉ መካኒኩን ይዘው ይመለሱ፤ አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ ኩላንት፣ ዘይትና ባትሪ አዘጋጅተው ሲመጡም በቀን ይምጡ። ሰነዱን እንደገዙ ስለ ታክስና ስለ ቀረጥ የተጻፈውን ቃል በቃል ገልብጠው ቢልኩልኝ፣ ኤንቨሎፑን ከማሸግዎ በፊት አብሬዎት አነብበዋለሁ።