የጸደይ በረዶና ናዳ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ ወዳጆች ከስኪ መዝናኛ ማዕከል ውጭ በስኪ (በበረዶ መንሸራተቻ) ተራራ እንደምወጣ ከሰማችሁ ወዲህ ጥያቄው በዝቶብኛል። እዚሁ ልመልስ። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ክረምቱ አለቀ፣ ፀሐይዋም ወጣች። የበረዶ ናዳውስ አብሮ አላለፈም?

አላለፈም፤ ጠባዩን ቀየረ እንጂ። የኮሎራዶ በረዶ ስስ ነው፣ ብርዱም ይበረታል። ስለዚህ ከመሬቱ አጠገብ ያለው ክፍል እንደ ስኳር ፍርክስክስ ብሎ ይቀራል። ላዩ ሲከብድበት አንሸራቶ ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2013 ሎቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ በሚባል ቦታ፣ ስድስት ሰዎች ናዳ ያዛቸው። አምስቱ ሞቱ። ወሩን ልብ በሉ፤ ጸደይ ነው።

ጠዋት ስልኬ ላይ የአየሩን ሙቀት አያለሁ። አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ቁም ነገሩ ሌሊቱ እንዴት አደረ የሚለው ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ ሌሊት መልሶ መጠንከር አለበት። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ ውርጭ ሰብል የሚመታው ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ነው። ደመና ካለ ብርድ ልብስ እንደ መደረብ ነው። እዚህም ያው ነው። ሰማዩ ጠርቶ ካደረ አየሩ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ቢልም የበረዶው ፊት ይጠነክራል። ደመና ሸፍኖት ካደረ ግን ላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ብቻ ታገኛለህ። በጫማህ ረገጥ አድርገው። ከቅርፊቱ ስር ረግረግ ከሆነ ወደ መኪናህ ተመለስ።

ከሁሉ የምፈራው ሁለት ሦስት ሌሊት ሳይጠነክር ሲያድር ነው። ውሃው ሰርጎ ያ ስኳር የመሰለው ክፍል ድረስ ይወርዳል። ያኔ የሚወርደው ላይ ላዩ ብቻ አይደለም፤ ተዳፋቱ እንዳለ ነው። እንዲህ ባለ ሳምንት እኔ ቤቴ ነኝ።

ስንት ሰዓት ልመለስ?

አንድ ሰዓት ቆርጬ ልሰጥሽ አልችልም፣ እህቴ። በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የዞረው ተዳፋት ይሞቃል፣ ቀጥሎ የደቡቡ፣ ከሰዓት የምዕራቡ። እኔ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ታች እገኛለሁ። ከዓለትና ከዛፍ ሥር በረዶ ኳስ እየሆነ መንከባለል ከጀመረ ጊዜሽ እያለቀ ነው። እግርሽ እስከ ባትሽ ከሰመጠ አርፍደሻል።

እኛም አርፍደን እናውቃለን። አንድ ጊዜ ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ በፔርሙስ ያመጣነውን ቡና አቦል ቶና ስንል ፀሐይዋ ቀደመችን። ስንወርድ ከጓደኛዬ ስኪ ስር እርጥቡ በረዶ ተንዶ ወረደ። እሱ ጎን ላይ ስለነበር ተረፈ። አሁን ቡናው መኪናው ውስጥ ይጠብቀናል።

በረዶው ቀላ ብሎ አየሁት። ቆሻሻ ነው?

አቧራ ነው። ንፋስ ከምዕራብ፣ ከዩታና ከአሪዞና በረሃ ያመጣዋል። ጥቁር ልብስ ፀሐይ ላይ እንደሚግለው ሁሉ አቧራ ያለበት በረዶም ቶሎ ይቀልጣል። ቀደም ብለህ ውረድ።

ቢከን (በናዳ የተቀበረ ሰው ያለበትን የሚጠቁም የሬዲዮ መሣሪያ) ገዛሁ። ብቻዬን ብወጣስ?

ማን ሊያወጣህ? ቢከን ቦታህን ለሌላ ቢከን ይናገራል እንጂ አይቆፍርም። አብሮህ የሚሄደው ሰው ቢከን፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ያስፈልገዋል፤ አጠቃቀሙንም የተለማመደ መሆን አለበት። ተቀብሮ የመትረፍ ዕድል ከመጀመሪያዎቹ 10 እስከ 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል። እርጥብ በረዶ ደግሞ ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ነው።

ትንበያው «2» ካለ መሄድ እችላለሁ?

የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከል አደጋውን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። ጠዋት አንብበው። በጸደይ ግን የጠዋቱ ቁጥርና የቀትሩ ላይገናኙ ይችላሉ። «2» ማለትም ናዳ የለም ማለት አይደለም።

ስኪ አልችልም። በበረዶ ጫማ ሜዳ ሜዳውን ብሄድስ?

ቀና ብለሽ ከላይሽ ያለውን እያየሽ ከሆነ ጥሩ። ናዳ የሚነሳው በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ተዳፋት ነው፤ ስልክሽ ላይ መለኪያ አለ። ግን የቆምሽበትን ብቻ አትለኪ። የሺፕ ክሪኩ ናዳ ሲነሳ ሰዎቹ ግርጌው አካባቢ ነበሩ።