ረቡዕና ዓርብ የሚብስበት ልጅ

ልጆቼ፣ በቅርቡ ፍኖተ ሰላም አካባቢ የምትሠራ ወጣት ነርስ «ጋሼ፣ መናገር የማይችልና ሰው የሚማታ ልጅ በምን መድኃኒት ይረጋጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቢቸና አካባቢ አንድ ጎረምሳ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ አይናገርም። እናቱን ይነክሳል፤ ራሱን ከግድግዳ ያጋጫል። ጠበል ተወሰደ። ሐኪም ቤት ደግሞ ሃሎፔሪዶል የሚባል ማረጋጊያ መድኃኒት ታዘዘለት። ይህ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው መቀመጥ እስኪያቅተው ያቁነጠንጠዋል፤ የእሱም መቁነጥነጥ ከበሽታው ተቆጥሮ መጠኑ ተጨመረ። ቤታቸው ስደርስ እግሩ በጠፍር ከምሰሶ ታስሮ ቆስሏል።

«መቼ ነው የሚብስበት?» አልኳቸው እናቱን።

«ረቡዕና ዓርብ» አሉ ሳያመነቱ። «ሁዳዴ ከገባማ አያድርስ ነው! ቅዳሜና እሁድ ጋብ ይልለታል። ከፋሲካ በኋላ 50ውን ቀን ደኅና ነው።» ቀን የሚመርጠው ክፉ መንፈስ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

መሶቡ የታለ ስል ታናሽ እኅቱ ወደ ቆጡ አሳየችኝ። «እየገለበጠ አስቸገረን።» ለካ ቤተሰቡ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፤ ልጁ ጠዋት መሶቡን ይነካካል፣ ይከለከላል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ይነክሳል። ራበኝ የሚልበት ሌላ መንገድ አልነበረውም። የነፍስ አባታቸው «ለታመመ ጾም የለበትም፣ አብሉት» አሉ። መሶቡ ወረደ፤ ጠፍሩ ተፈታ፤ መድኃኒቱም ቀስ በቀስ ተቀነሰለት። መንከሱን ጨርሶ ባይተውም ከእናቱ ጋር ገበያ መውጣት ጀመረ። እግሩ ግን ሲያነክስ ቀረ። የሚቆጨኝ ይኼ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት እናቱን ቀኑን የጠየቀ አልነበረም።

የዛሬ ልጆች ትምህርታችሁ ከእኛ ይበልጣል፤ ግን ትቸኩላላችሁ። በሽተኛው ፊት ስልክ መጎርጎራችሁ አይዋጥልኝም። ቢሆንም እናትየዋ ከመማታቱ በፊት ያለውን ጊዜ በስልክ ቀርጻ ካሳየቻችሁ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የማየውን በደቂቃ ታያላችሁ። ከመምታቱ ይልቅ ከመምታቱ በፊት የሆነውን እዩ።

አፍ የሌለው ሰው ሕመሙንም በጡጫ ነው የሚናገረው። ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ የሆዱን ድርቀት ሳታዩ «ጠባዩ ነው» አትበሉ። የሚወስደውንም መድኃኒት ጠይቁ፤ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል አንዳንድ ሕፃናትን ያቅበጠብጣል፣ ቁጡም ያደርጋል። ይህን አወቅን ብላችሁ ግን በድንገት አታስቁሙት፤ በሽታው ተነሥቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የሚቀይረው ሐኪም ነው፤ እናንተ ያያችሁትን ጽፋችሁ ከእናቱ ጋር ላኩለት።