ኩባንያው ዳነ፤ መኪናውስ?

መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ ከውድቀት ስላተረፋቸው የአገር ውስጥ መኪና አምራቾችና ስለ መኪኖቻቸው ጥራት ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም እንመልሳለን። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ መንግሥት በ2009 ጄኔራል ሞተርስንና ክራይስለርን ካዳናቸው በኋላ መኪኖቻቸው ተሻሽለዋል የሚሉ አሉ፤ ምንም አልተለወጠም የሚሉም አሉ። የትኛው ነው ልክ?

መልስ፦ ሰዎቹ የማይስማሙት የሚያወሩት ስለ ተለያየ ዓመት መኪና ስለሆነ ነው። አንድ አዲስ ሞዴል ከመጀመሪያው ንድፍ ተነሥቶ መሸጫ ቤት እስኪደርስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በ2010 እና በ2011 የተሸጡት መኪኖች የመታደጊያው ገንዘብ ውጤቶች አይደሉም፤ ንድፋቸው፣ የቆርቆሮ መምቻ ቅርጻቸውና የዕቃ አቅራቢ ውላቸው ቀድሞ ያለቀ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ከኪሳራ ሲወጣ በኩራት ያቀረበው ሸቭሮሌ ክሩዝ በደቡብ ኮሪያ መሸጥ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ብዙ የተመሰገነው የ2011 ጂፕ ግራንድ ቸሮኪም መሠረቱን ከመርሴዲስ ኤምኤል ጋር የሚጋራ፣ ክራይስለር በዳይምለር እጅ ሳለ የተጠነሰሰ መኪና ነው። ምስጋናው ለመንግሥት ገንዘብ መሰጠቱ ቀልድ ይመስላል።

ገንዘቡ በቅድሚያ የሄደው ወደ ደመወዝ፣ ለዕቃ አቅራቢዎች ወደ ተከማቸ ዕዳ፣ ወደ ጡረተኞች የሕክምና ፈንድ እና ለመኪና ገዢ ብድር ወደሚሰጠው ጂኤምኤሲ ነው። ለጥራት የጠቀመው ከገንዘቡ ይልቅ አብሮት የመጣው ግዴታ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በአሜሪካ ይሸጣቸው ከነበሩት ስምንት ስሞች አራቱን ብቻ አስቀረ፤ ሸቭሮሌ፣ ቡዊክ፣ ጂኤምሲና ካዲላክ። ፖንቲያክ፣ ሳተርንና ሀመር ተዘጉ፣ ሳአብ ተሸጠ። አንድን መኪና በሦስት ዓይነት የፊት ፍርግርግና በሦስት ስም ለመሸጥ ይባክን የነበረው የመሐንዲስ ሰዓት ተረፈ። የዚህ ፍሬ ግን መንገድ ላይ የሚታየው ከ2013 ወዲህ በወጡት ሞዴሎች ነው።

ጥያቄ፦ ክራይስለር በ1980 በመንግሥት ዋስትና ድኖ ዕዳውን ከጊዜው በፊት ከፈለ። የእንግሊዙ ብሪቲሽ ሌይላንድ ግን ከ1975 ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ ሲደገፍ ኖሮ ጠፋ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ፕሬዝዳንት ካርተር በጥር 1980 የፈረሙት ሕግ ለክራይስለር የሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ነው። ለዚያውም ባንኮች፣ ሠራተኞችና ዕቃ አቅራቢዎች እያንዳንዳቸው ከድርሻቸው እንዲቀንሱ ግድ ይል ነበር። ዋናው ነገር ግን በኩባንያው እጅ ሊያልቅ የተቃረበ መኪና መኖሩ ነው። ኬ-ካር የሚባሉት ፕሊመዝ ሪላያንትና ዶጅ ኤሪስ በዚያው ዓመት መጸው ወጡ፤ ሚኒቫኑ በ1983 መጨረሻ ተከተለ። ዕዳው በ1983፣ ከቀነ ገደቡ ሰባት ዓመት ቀድሞ ተከፈለ፤ መንግሥትም አክሲዮን የመግዛት መብቱን ሸጦ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። ኬ-ካር ድንቅ መኪና አልነበረም። ነገር ግን ከእርሱ በፊት የነበሩት አስፐንና ቮላሬ የፊት ፓራፋንጎአቸው በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ በዝገት ተበልቶ በኩባንያው ወጪ የተቀየረላቸው መኪኖች መሆናቸውን ለሚያስታውስ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ሌይላንድ ጋ የጎደለው ንድፍ አይደለም። ኩባንያው በ1976 ያወጣው ሮቨር ኤስዲ1 የ1977 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመርጧል። ሲገዙት ግን ቀለሙ ይላጣል፣ በሩ አይገጥምም፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ችግሩ ያለው መገጣጠሚያው ላይ እንደነበር ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ከሆንዳ ጋር በጋራ የተነደፈው መኪና ነው። ሮቨር 800 እና ሆንዳ ሌጀንድ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተርም የሆንዳ ነው። በአሜሪካ ሌጀንድ በአኩራ ስም፣ ሮቨሩ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ በስተርሊንግ ስም ተሸጡ። አኩራ በገዢዎች እርካታ ጥናት አናት ላይ ሲወጣ ስተርሊንግ ወደ ግርጌው ወረደ። ስተርሊንግን የጣሉት እንግሊዞቹ በራሳቸው ያደረጉት የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቀለምና የውስጥ ልባጥ ናቸው። በ1991 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ሌይላንድ ራሱ፣ በዚያን ጊዜ ሮቨር ተብሎ፣ በ1988 ለብሪቲሽ ኤሮስፔስ በ150 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በ1994 ለቢኤምደብልዩ ተሸጠ፤ በ2000 በአሥር ፓውንድ ተላልፎ በሚያዝያ 2005 ወደቀ።

የዚህን ተቃራኒ ማየት የሚሻ ደግሞ ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረውን ፋብሪካ ይመልከት። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ሲዘጋው በሠራተኛ መቅረትና በተበላሸ ሥራ ስሙ የጠፋ ነበር። በ1984 ከቶዮታ ጋር ኑሚ ተብሎ ሲከፈት የተቀጠሩት በአብዛኛው እነዚያው ሠራተኞች ናቸው። ለውጡ ማንኛውም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም መቻሉና ስላስቆመም አለመቀጣቱ ነው። ጥራቱ ጃፓን ከሚሠራው ጋር የሚወዳደር ሆነ። የሚያሳዝነው፣ ጄኔራል ሞተርስ ከዚህ ፋብሪካ የወጣው በዚያው በ2009 የኪሳራ ሂደት ነው።

ጥያቄ፦ ጄኔራል ሞተርስ በ2010 «ብድሬን ሙሉ በሙሉ ከነወለዱ መለስኩ» ብሎ አስተዋውቆ ነበር። ታዲያ መንግሥት ከሰረ የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተመለሰው ብድር 6.7 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ የተከፈለውም መንግሥት ራሱ በዝግ ሒሳብ አስቀምጦለት ከነበረው ገንዘብ ነው። መንግሥት ያወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ግን ወደ 49.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሲሆን፣ አብዛኛው ወደ 60.8 በመቶ የአክሲዮን ድርሻ ተለውጦ ነበር። አክሲዮኑ በኅዳር 2010 በ33 ዶላር ለገበያ ቀረበ፤ ወጪውን ለመመለስ ግን ከ50 ዶላር በላይ መሸጥ ነበረበት። የመጨረሻው ድርሻ በታኅሣሥ 2013 ሲሸጥ የተመለሰው ገንዘብ ወደ 39 ቢሊዮን ነው።

ጥያቄ፦ ቁልፉ በራሱ እየዞረ ሞተር የሚያጠፋው የጄኔራል ሞተርስ ጉድለት ኩባንያው በመንግሥት እጅ ሳለ ተደበቀ ይባላል። እውነት ነው? ጉድለቱስ በትክክል ምን ነበር?

መልስ፦ ከጉድለቱ እንጀምር። ቁልፉ በሚዞርበት ኢግኒሽን ስዊች ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፋ ትንሽ ዘንግ አለ፤ ቁልፉን «ሞተር በርቷል» ከሚለው ቦታ እንዳይነቃነቅ ቆልፎ የሚይዘው እርሱ ነው። መሥፈርቱ ቁልፉን ለማዞር ከ15 እስከ 25 ኒውተን ሴንቲሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ ነው) እንዲጠይቅ ያዝዛል። ዘንጉ አጭር፣ ስፕሪንጉም ደካማ በመሆኑ የተሠሩት ስዊቾች ከ4 እስከ 10 ብቻ ይጠይቁ ነበር። ከባድ የቁልፍ መያዣ፣ የጉልበት ንክኪ ወይም የመንገድ ጉድጓድ ቁልፉን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪውና ፍሬኑ እገዛ ያጣሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኤርባጉ አለመከፈቱ ነው። መሐንዲሶቹ ሞተር መጥፋቱን የምቾት ጉዳይ አድርገው ስለመደቡት ከኤርባጉ ጋር ያለውን ግንኙነት ለዓመታት ሳያዩ ቀሩ።

ስዊቹ የጸደቀው በ2002 ነው። በ2006 ዘንጉ እንዲረዝም ተደረገ፤ የዕቃው ቁጥር ግን አልተቀየረም። በዕቃ ማምረት ሥራ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የመረመረ ሰው ጥሩውንና መጥፎውን ስዊች በወረቀት መለየት አይችልም። እንግዲህ ጉድለቱም ዝምታውም ከመታደጊያው በፊት የጀመሩ ናቸው። ጉድለት ያለባቸው መኪኖች ለጥገና እንዲመለሱ የሚያዝዘው ጥሪ የወጣው በየካቲት 2014፣ መንግሥት የመጨረሻውን አክሲዮን ከሸጠ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ ጥርጣሬው የመጣውም ከዚህ ነው። የተጠሩት ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖች ሲሆኑ ሸቭሮሌ ኮባልትና ሳተርን አዮን ዋናዎቹ ናቸው። ኩባንያው ለተጎጂዎች ያቋቋመው የካሣ ፈንድ 124 ሞት በጉድለቱ የደረሰ ነው ብሎ ተቀብሏል።

መታደጊያው ጉዳት ያስከተለው በሕግ በኩል ነው። የ2009ኙ ስምምነት አዲሱ ኩባንያ ንብረቱን ከአሮጌ ዕዳ ነጻ አድርጎ እንዲገዛ ስለፈቀደ፣ ከሐምሌ 10 ቀን 2009 በፊት የተጎዱ ሰዎች አዲሱን ኩባንያ እንዳይከሱ መጀመሪያ ተከልክለው ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን በ2016 ያላላው ተጎጂዎቹ ስለ ጉድለቱ በጊዜው አልተነገራቸውም በሚል ነው።

ጥያቄ፦ ፎርድ የመታደጊያ ገንዘብ አልወሰደም። ስለዚህ የፎርድ መኪና ይሻላል ማለት ነው?

መልስ፦ አያስብልም። ፎርድ በ2006 አርማውን ጭምር አስይዞ 23.6 ቢሊዮን ዶላር ስላዘጋጀ ነው ቀውሱን ያለ መታደጊያ ያለፈው። ነገር ግን ከ2011 ሞዴል ጀምሮ በፊየስታ፣ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በፎከስ ላይ የገጠመው ባለ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለብዙ ባለቤቶች መከራ ሆኗል። ዘይት የሚያግደው ማኅተም (ሲል) ዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ ያሳልፋል፣ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፣ የካምቢዮው ኮምፒውተርም ይበላሻል። ኩባንያው ገንዘብ ከየት እንደተበደረ ማወቅ ስለ ካምቢዮው የሚነግርዎ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ የተሠራ የጄኔራል ሞተርስ ወይም የክራይስለር መኪና ልገዛ ነው። ምን ልመልከት?

መልስ፦ መጀመሪያ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ካለው መለያ የተሠራበትን ወርና ዓመት ያንብቡ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ምልክት ነው፤ 10ኛው የሞዴሉን ዓመት፣ 11ኛው ፋብሪካውን ይናገራል። 10ኛው 9 ከሆነ 2009፣ «ኤ» ከሆነ 2010፣ «ቢ» ከሆነ 2011 ነው። ቁጥሩን በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ያስገቡት፤ ያልተሠራለት ጥሪ ካለ ይወጣል።

ሸቭሮሌ ኤክዊኖክስ ወይም ጂኤምሲ ቴሬን ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ከሆነ ትኩረትዎ ዘይት ላይ ይሁን። የፒስተኑ የዘይት ፋሻዎች (ቀለበቶች) የሲሊንደሩን ግድግዳ በሚገባ ስለማይጠርጉ ዘይት ያቃጥላል፤ ዘይት ሲያንስ ደግሞ የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ሰንሰለት ይላላል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሡትና ለጥቂት ሰከንድ የሰንሰለት መንቀጫቀጭ ካለ ያዳምጡ። ከገዙ በኋላም ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው በየ800 ኪሎ ሜትሩ ይለኩ። ኩባንያው በ3,200 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ገደማ መጉደሉን «ይፈቀዳል» ይላል፤ እኛ ግን ለዚያ መጠን መኪና ብዙ ነው እንላለን። ከዚያ በላይ ከጎደለ ፋሻው መቀየር አለበት፤ ወፍራም ዘይት መጨመር ችግሩን ከማዘግየት አያልፍም።

የክራይስለር 3.6 ሊትር ፔንታስታር ሞተር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የግራው ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ክፍል) ችግር ነበረበት። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ምት ይዘላል፤ ኮምፒውተሩ ሲነበብ ሲሊንደር 2፣ 4 ወይም 6 ካለ የግራው ወገን ነው። ቴስታታው ተቀይሮ ከሆነ የሥራ ወረቀቱን ይጠይቁ። የ2011 ግራንድ ቸሮኪና ዶጅ ዱራንጎ ደግሞ በፊውዝ ሣጥኑ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) በሙቀት ይበላሻል፤ አልነሣም ይላል ወይም እየሄደ ይጠፋል። ጥገናው ከሣጥኑ ውጭ ሌላ ሪሌ መግጠም ነው፤ ኮፈኑን ከፍተው መገጠሙን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ያልታደገው ኩባንያ ቢጠፋ ዋስትናውና መለዋወጫው ምን ይሆናል?

መልስ፦ በመጋቢት 2009 የአሜሪካ መንግሥት በመልሶ ማቋቋሙ ጊዜ የሚሸጡትን የጄኔራል ሞተርስና የክራይስለር መኪኖች ዋስትና እኔ እቆምለታለሁ አለ፤ ገዢ እንዳይሸሽ ነው። ስዊድን ሳአብን ራሷ አልገዛችም፤ ከአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ለወሰደው ብድር ግን ዋስ ሆነች። ኩባንያው በታኅሣሥ 2011 ሲከስር መንግሥት ከመያዣው የመለዋወጫ ድርጅቱን ተረከበ፤ ኋላ ኦርዮ ተባለ። ስለዚህ መኪናው መመረቱ ቢቆምም መለዋወጫው ቀጠለ። ከጠፋ ኩባንያ የሚገዙ ከሆነ የፍሬን፣ የማጣሪያና የሞተር ዕቃ አያሳስብዎ፤ አብዛኛው ከሌሎች መኪኖች ጋር የጋራ ነው። የሚያስቸግረው ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራው ነው፤ መብራት፣ መስተዋት፣ ፓራውልት፣ የበር ጎማና ከመኪናው ጋር በፋብሪካ ኮምፒውተር መጣመር ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ።