ከዴይኬር ወደ ናኒነት ለምትሻገሪ እህቴ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስድስት ዓመት ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) አስተምሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ናኒ ነኝ፣ ሰው ቤት ልጅ እጠብቃለሁ። ሰሞኑን “ዴይኬሩን ትቼ ሰው ቤት ልግባ ወይ?” የሚሉኝ እህቶች በዝተዋል። ግቢ፤ ታክስ ሳይቆረጥ፣ ሳይመዘገብ በእጅ በሚሰጥ ካሽ ግን አትግቢ።

ድካምሽ ይገባኛል። እዚህ ስቴት ውስጥ በሕፃናት ክፍል አንድ አስተማሪ እስከ ሦስት ልጅ ትይዛለች። የአንዱን ዳይፐር ስትቀይሪ ሌላው ያለቅሳል፣ ማታ ወገብሽን ይዘሽ ነው የምትገቢው። ሰው ቤት አንድ ልጅ ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ይሻላል። ዴይኬር ግን ታክስሽን ቆርጦ ያስገባልሻል፣ ሰዓትሽን ይመዘግባል፣ ወላጅ ሲቆጣሽ ዳይሬክተሯ መሃል ትገባለች። ሰው ቤት ለራስሽ የምትቆሚው አንቺው ነሽ።

የመጀመሪያዎቹ አሠሪዎቼ ደግ ሰዎች ነበሩ። “በካሽ እንስጥሽ፣ ላንቺም ይሻልሻል” ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ስቴት ሄዱ። አነምፕሎይመንት፣ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ክፍያ፣ ልሞላ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ፤ ያለፈው ዓመት ደሞዝ የሚጻፍበት ቦታ ስደርስ እጄ ቆመ። ያ ልጅ እግሩን የተከለው እጄን ይዞ ነው። በመንግሥት መዝገብ ላይ ግን አንድም ቀን አልሠራሁም።

ሕጉ ካንቺ ጋር ነው። ከአንድ ቤተሰብ በዓመት የተወሰነ መጠን (በ2025 2,800 ዶላር ነበር) ወይም ከዚያ በላይ ካገኘሽ ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለጡረታ) እና ለሜዲኬር (ለእርጅና ጊዜ ሕክምና) ካንቺ 7.65 በመቶ ይቆረጣል፣ እነሱም ያንኑ ያህል ይጨምራሉ። ለጡረታ 40 ክሬዲት፣ ማለትም ታክስ በተከፈለበት ሥራ የሚያዝልሽ ነጥብ፣ ያስፈልግሻል፤ በዓመት ከአራት በላይ አይያዝልሽምና ቢያንስ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። በካሽ የሠራሽበት ዓመት እዚያ ውስጥ የለም። በዓመቱ መጨረሻ ዳብልዩ ቱ (W-2)፣ ደሞዝሽና የተቆረጠው ታክስ የሚጻፍበትን ቅጽ፣ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የግል ነጋዴ አስመስለው ቴን ናይንቲናይን (1099) የሚባለውን ቅጽ ቢያቀርቡልሽ አትቀበዪ። እዚያው የማታድሪ ከሆነ ደግሞ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ያለው የሰዓት ክፍያሽ አንድ ተኩል እጥፍ ሆኖ ይከፈላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለምትሠራ ሠራተኛ አሠሪው የጽሑፍ ኮንትራት እንዲያቀርብ ሕጉ ያዛል። ሌላ ቦታ ብትሆኚም ጠይቂ። ነሐሴ ላይ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ሲሄዱ ደሞዝሽ እንደማይቋረጥ ይጻፍ። ልጁን በራስሽ መኪና የምታመላልሺ ከሆነ በማይል የሚታሰበው የመኪና ሒሳብም ይጻፍ። የልጁን ልብስና ሳህን ማጠብ ያንቺ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ማጽዳት ግን ሌላ ሥራ፣ ሌላ ደሞዝ ነው። “ቤተሰባችን ነሽ” ሲሉሽ ከልባቸው ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን አይቅር።

የኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ በይሉኝታ ነው። ገና ለኢንተርቪው በተቀመጥሽበት ቀን “እኔ የምሠራው በቼክ፣ ታክስ ተቆርጦ ነው” በይና ዝም በይ። ማብራሪያ አትደርድሪ። እምቢ ያለኝ ቤት አለ፤ በዚያው ሳምንት እሺ ያለኝም አለ።

የዴይኬሩን ልማድ ይዘሽ ግቢ። እኔ ዛሬም ደብተር እይዛለሁ፦ 9:40 ወተት 5 አውንስ፣ 10:15 ተኛ፣ 11:50 ነቃ፣ ትንሽ አስነጠሰው። እናትየው ከሥራ ስትመጣ ኮቷን ሳታወልቅ እሱን ነው የምታነበው። ደሞዝ ጨምሩ ስል ያልተከራከሩኝ ለዚህ ይመስለኛል። የሲፒአር፣ ትንፋሹ ወይም ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ወረቀትሽንም ሳያልፍበት አድሺ።

ኮንትራቱ ሳይፈረም ዴይኬሩን አትልቀቂ። ስትለቂም በወጉ አሳውቀሽ፣ ከዳይሬክተሯ የድጋፍ ደብዳቤ በእጅሽ ይዘሽ ውጪ፤ በኋላ እሷም ሥራ ቀይራ ላታገኚያት ትችያለሽ።