ጭቃ ላይ መንገላታት ምኑ ይማርካል?

ጥያቄ፦ ልጄ የተራራ ብስክሌት ውድድር ካላየሁ ብሎ ቲቪውን ይዞብኛል። ጭቃና ድንጋይ ላይ መንገላታት ምኑ ይማርካል? ስፖርቱስ ወደፊት ያድጋል?

መልስ፦ ሪሞቱን ይተዉለት! እኔ የጎዳና ብስክሌት ውድድር እንቅልፌን ያመጣዋል፤ ይኼኛው ግን ፋታ አይሰጥም። የፓሪሱን ኦሎምፒክ (እ.ኤ.አ. 2024) ፈልገው ይዩ። እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ጎማው ተንፍሶ ወደኋላ ቀረ። አስቀይሮ አሳደደ፤ በመጨረሻው ዙር ፈረንሳዊውን ቪክቶር ኮሬትስኪን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ዙሩ አጭር ስለሆነ ደግሞ ሜዳው ዳር የቆመ ሰው ተወዳዳሪዎቹን ደጋግሞ ያያል።

እድገቱን በተመለከተ፣ ኦሎምፒክ የገባው በ1996 (እ.ኤ.አ.) አትላንታ ላይ ነው። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ዋንጫው ከግማሽ ሰዓት በታች የሚያልቅ አጭር ውድድር ጨምሯል፤ ለቲቪ የተመቸ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ የብስክሌቱ ዋጋ ነው። ልጅዎ ልግዛ ካለ ግን በመጀመሪያ ሄልሜት!