ሐረጎ ላይ የከበደችው ቪትዝ

አንዲት እህት ከኮምቦልቻ እንዲህ ጽፋልኛለች፦ «ቪትዝ ነው የምይዘው። ጎማዬ ሲያልቅ ሻጩ ‹14 እስከሆነ ድረስ ይገባል፣ ከፍም ያደርግሻል› ብሎ 185/70 አር 14 ሸጠልኝ። አሁን መሪውን ጥግ ድረስ ሳዞር የፊት ጎማው ይታከካል። የሐረጎን ዳገት ይዤ ደሴ ስወጣም መኪናዋ ትከብደኛለች። ሞተሯ ይሆን?»

አብሽሪ እህቴ፣ ሞተሯ አይመስለኝም። መጀመሪያ የሾፌሩን በር ክፈቺና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፤ የመኪናሽ ትክክለኛ የጎማ መጠን እሱ ላይ ተጽፏል። ባለ 14 ቸርኬ ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው 165/70 አር 14 ነው።

14 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። ስለ ላስቲኩ ቁመት ምንም አይነግርሽም። 165 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊሜትር። ሰው የሚሳሳተው መሃል ባለው 70 ላይ ነው። እሱ ሚሊሜትር አይደለም፤ የጎማው ጎን ቁመት የወርዱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ጎማ ላይ 70 ቢጻፍም፣ ወርዱ ሲጨምር ቁመቱም አብሮ ይጨምራል። የድሮው ጎማሽ 165/70 ከሆነ ጎኑ 115.5 ሚሊሜትር ነበር፣ ያሁኑ 129.5 ነው። ከላይ 14፣ ከታች 14፤ ጎማው በጠቅላላ 28 ሚሊሜትር አደገ። የሚታከከው ለዚህ ነው። መሪውን ጥግ አድርሰሽ፣ ከፊት ጎማው በስተኋላ ያለውን ፕላስቲክ በስልክሽ መብራት እዪው። ተፍቆ የሚያብለጨልጭ መስመር ታገኛለሽ።

ዳገቱም የከበደሽ ከዚሁ የተነሳ ነው። ጎማ ወደ 5 በመቶ ሲያድግ ትንሽ ከፍ ባለ ማርሽ እንደምትወጪ ቁጠሪው፤ ትንሽ ሞተር ይለፋል። ዳሽቦርዱ 80 ሲልሽም አንቺ ወደ 84 እየነዳሽ ነው።

ፕላስቲኩን በቢላ ቆርጠን እናስፋልሽ የሚሉ አይጠፉም። እባክሽ እሺ እንዳትዪ። አራት ሰው ጭነሽ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዢ ፊቷ ዝቅ ይላል። ባዶዋን ስትሆን ያልነካው ያኔ ይነካል። የጎማ ጎን ደግሞ ስስ ነው፣ መታከክ አይችልም።

ጎማው ገና አዲስ ነውና ሻጩን ቀይርልኝ በይው። 165/70 ከጠፋ 175/65 አር 14 ውሰጂ፤ ቁመቱ ከድሮው በ4 ሚሊሜትር እንኳ አይለይም። ከመጠኑ ቀጥላ ያለችው ቁጥር ደግሞ ከ81 አትነስ። 81 ማለት አንዱ ጎማ 462 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው።

ብር ከመክፈልሽ በፊት ግን የተሠራበትን ጊዜ እዪ። ጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው አራት አሃዝ ነው። 3018 ካለ በ2018 30ኛ ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። በፈረንጆቹ ነው ታዲያ፤ በእኛ ሐምሌ 2010 መሆኑ ነው። በቀደም አንድ ደንበኛዬ 18ን አይቶ የዘንድሮ መስሎት አራት ጎማ ገዝቶ መጣ። ጥርሱ ምንም አልተነካም። ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ግን ፀጉር የሚያካክል ስንጥቅ በስንጥቅ ሆነ። ይህን አልገጥምልህም አልኩት። እዚያው ቆሜ እያየሁ አራቱንም መኪናው ላይ መልሶ ጭኖ ወደ ሻጩ ሄደ።