አዲሱ ላፕቶፕ የድሮውን ፎልደር አልከፍት አለ

ጥያቄ፦ መርካቶ ጅምላ መደብር ውስጥ ሒሳብ እሠራለሁ። ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የያዝነው ሒሳብ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ነው። አሁን ዊንዶውስ 11 ላፕቶፕ ተገዛልኝ። ሼር የተደረገውን ፎልደር ስከፍት ግን «ኤስኤምቢ 1 ያስፈልጋል፣ አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል። ቴክኒሻናችን «አብሪው፣ ይሠራል» አለኝ። ላብራው?

መልስ፦ አያብሩት፣ እህቴ። ኬብሉም ላፕቶፑም ጤነኛ ናቸው። ያልተግባቡት ፋይል በሚቀባበሉበት ደንብ ነው። ኤክስፒ የሚያውቀው ኤስኤምቢ 1 የተባለውን አሮጌ ደንብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚሁ ደንብ ቀዳዳ ገብቶ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ሥራ አተራመሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማይክሮሶፍት አዲስ በሚጫን ዊንዶውስ ላይ ደንቡን አብሮ መጫን አቆመ። ቴክኒሻኑ አልዋሹም፣ ቢበራ ይሠራል። ግን ላፕቶፑ ኢሜይልም ባንክም የሚከፈትበት ነው። ለአንድ ፎልደር ተብሎ በሩ አይከፈትም።

እኔ ብሆን ሒሳቡን በፍላሽ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው ከፒችትሪ ይውጣ። ከዚያ «ፋይል» ከሚለው ሜኑ ባክአፕ ያድርጉ። ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ ከማድረግ ይህ ይሻላል፤ ስሙ በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚወጣው።

ፍላሹ ላይ ይጠንቀቁ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ የሆኑት ብዙ ጊዜ ኤክስፋት በሚባል የፋይል አደራደር (ፎርማት) ተዘጋጅተው ነው የሚሸጡት። ኤክስፒ ደግሞ ያለ ተጨማሪ አፕዴት ኤክስፋት አያነብም። «ፎርማት ላድርገው?» ይላል፤ ውስጡ ፋይል ካለ እሺ እንዳይሉት፣ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። 32 ጊጋ የሆነ፣ ፋት32 በተባለው በቆየው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ሁለቱም ያነቡታል። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ባይቀበልም፣ የሱቅ ሒሳብ እዚያ መድረሱ ዘበት ነው። ላፕቶፑ ላይ ሲሰኩት ደግሞ ሳይከፍቱ ስካን ያድርጉት። ሾርትከት ቫይረስን መቼም ያውቁታል!

ባክአፑ የሚከፈተው በራሱ ወይም ከእሱ በኋላ በወጣ የፒችትሪ ስሪት ነው፤ አዲሶቹ ሴጅ 50 ይባላሉ። ሪስቶር ሲያደርጉ «አዲስ ካምፓኒ» የሚለውን ይምረጡ፣ ነባር ሒሳብ ላይ እንዳይጽፍብዎት። ከዚያ ትራያል ባላንሱን ከሁለቱም ኮምፒውተር አትመው ያስተያዩ። ሳንቲም እስኪገጥም ድረስ ኤክስፒውን ማንም አይንካው።